ከአርእስተ ግስ እስከ ኮምፒዩተር ፍለጋ፦ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሕይወትና የመዝገበ ቃላታቸው ሥርዓት

መግቢያ

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢትዮጵያ የቋንቋ ጥናት ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ምክንያት ነው። መጽሐፉ የግዕዝን ቃላት በአማርኛ የሚፈታ፣ ከመዝገበ ቃላቱም አስቀድሞ ሰፊ የሰዋስው ትምህርት የያዘ ሲሆን፣ የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይገለገሉበታል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ግን ከራሱ ሙያ ጋር ግንኙነት ያለው ስለማይመስለው አያነሣውም። ይሁን እንጂ ሊቁ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ጥያቄ የፕሮግራም ቋንቋዎች ከሚመልሱት ጥያቄ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በጥቂት ምልክት ብዙ ቃልን መወከል እንዴት ይቻላል? ውክልናው ሲፈጸምስ ከቃሉ የሚቀረው ምንድን ነው፣ የሚጠፋውስ?

ይህ አጭር ጽሑፍ የአለቃ ኪዳነ ወልድን ሕይወት እየተከተለ የመዝገበ ቃላታቸውን ውስጣዊ ሥርዓት ይመረምራል። ቀጥሎም ሥርዓቱን በፕሮግራም ቋንቋዎች ከሚታወቁት የቅርጽ አመልካቾችና የአብነት ማዛመጃ ምልክቶች ጋር ያነጻጽራል። በመጨረሻም የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሲፈለግ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማጠቃለል የሚያስከትለውን ጉዳት ያሳያል።

የአብነት ትምህርትና ስምንቱ አርእስት

ኪዳነ ወልድ በ1860ዎቹ በሸዋ ተወለዱ። ዘመኑ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ነው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዝ የሚመዘዝ በመሆኑ፣ ከመንዝና ከግሼ ደጋ አንሥቶ እስከ ይፋት ቁልቁለት የተዘረጋው አገር አድባራትና የአብነት ትምህርት ቤቶች የበዙበት ነበር። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከፊደልና ከንባብ ጀምሮ ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ይቀጽላል፣ ከዚያም ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ያልፋል። ኪዳነ ወልድም የወጡት ከዚህ የትምህርት ሥርዓት ነው። በኋላ ዘመን የውጭ ቋንቋዎችን ቢማሩም የአስተሳሰባቸው መሠረት ከቅኔ ቤት አልተለየም።

የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ ለመቍጠር ግስና እርባ ቅምር መማር አለበት። የግዕዝ ግሦች በሺህ የሚቈጠሩ በመሆናቸው የእያንዳንዱን እርባታ ለየብቻ በቃል መያዝ አይቻልም። መምህራኑ ያገኙት መፍትሔ ግሦቹን በጥቂት አርእስት ሥር መመደብ ነው። በብዙ ጉባኤ ቤት የሚጠሩት ስምንቱ አርእስት ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ እና ቆመ ናቸው። እያንዳንዱ ርእስ ሠራዊት አለው። ሰበረ የቀተለ ሠራዊት ነው፤ ቀተለ ይቀትል እንደሚል ሰበረም ይሰብር ይላል። ፈጸመና ነጸረ ደግሞ በቀደሰ ሥር ይሰለፋሉ፤ ቀደሰ ይቄድስ እንደሚል እነርሱም ይፌጽም፣ ይኔጽር ይላሉ። ጾመና ሖረ ቆመን ይከተላሉ፤ ቆመ ይቀውም ስለሚል ይጸውም፣ ይሐውር ይሆናሉ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ቀተለ የሚለው ቃል መግደልን አያመለክትም። ትርጉሙ ለጊዜው ተትቶ ቅርጹ ብቻ ይያዛል። ሦስቱ ፊደላት ሌሎች ሦስት ፊደላት ተራ በተራ የሚገቡባቸው ባዶ ስፍራዎች ይሆናሉ። ተማሪው ያላየው አዲስ ግስ ሲገጥመው በየትኛው ርእስ እንደሚሰለፍ ከለየ፣ በዐሥሩ መራሕያን፣ በኃላፊ፣ በትንቢት፣ በዘንድና በትእዛዝ አንቀጽ ሊያረባው ይችላል። አብነት የሚለው ቃል ሊከተሉት የሚገባ ናሙና ማለት መሆኑ ከዚህ አሠራር ጋር ይስማማል።

የአምስቱ አዕማድ ስያሜም በዚሁ መንገድ የተዋቀረ ነው። አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ እና አደራራጊ የሚሉት ስሞች ሁሉም አደረገ ከሚለው አንድ ግስ የወጡ ናቸው። ስያሜው የዐምዱን ተግባር ይነግራል፤ በራሱ ፊደላትም ቅርጹን ያሳያል። ተደራጊ የሚለው ስም ተ የምትለዋን ባዕድ ፊደል በመነሻው ይዟል፤ አስደራጊም አስ የሚለውን ይዟል፤ ተደራራጊ ደግሞ የመካከል ፊደሉን ይደግማል። ስለዚህ ስሙን የያዘ ተማሪ ደንቡንም ይዟል ማለት ነው።

የኢየሩሳሌም ዓመታት

ኪዳነ ወልድ ገና በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ሦስት ዐሥርት ዓመታት ለሚያህል ጊዜ በዚያ ኖሩ። ከተማዪቱ በወቅቱ በኦቶማን መንግሥት ሥር ነበረች። ዴር ሡልጣንንና ደብረ ገነትን በመሳሰሉ ገዳማት የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከግብፃውያን፣ ከሶርያውያን፣ ከአርመኖችና ከግሪኮች ጋር ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በአገር ቤት አንድ የትምህርት ቋንቋ ብቻ ለነበረው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛ በአንድ ከተማ ሲነበቡና ሲነገሩ መስማት የግዕዝን ቃል ከዘመዶቹ ጋር ለማስተያየት የሚያስችል አጋጣሚ ነበር። ኪዳነ ወልድም እነዚህን ቋንቋዎች ተምረው በኋላ በመዝገበ ቃላታቸው ውስጥ ለንጽጽር ተጠቀሙባቸው።

በኢየሩሳሌም መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ውስጥ ከጣሊያናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ከኢኛትሲዮ ጉዊዲ ጋር የሠሩ፣ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1901 ላሳተመው የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት እውቀታቸውን ያበረከቱ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ናቸው። ከዚህም ሌላ የግዕዝን ቃል በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር። ሥራው ሳይፈጸም ስለ ሞቱ ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ የኪዳነ ወልድ ሕይወት ከዚህ አደራ ጋር የተሳሰረ ሆነ።

የኢየሩሳሌም ትምህርት ለኪዳነ ወልድ ያረጋገጠላቸው አንድ ነገር አለ። ቃልን በአብነት መስፈር የግዕዝ ጉባኤ ቤት ብቻ ልማድ አይደለም። የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ፈዐለ የሚለውን ግስ እንደ መስፈሪያ ይዘው የቋንቋቸውን ግሦችና ስሞች በእርሱ ይለካሉ፤ ፋዒል ሲሉ የአድራጊውን ቅርጽ፣ መፍዑል ሲሉ የተደራጊውን ቅርጽ ያመለክታሉ። የዕብራይስጥ መምህራንም የግሥ አዕማዳቸውን ኒፍዐል፣ ሂፍዒል እያሉ ከዚያው ሥር ይሰይማሉ። በሴም ቋንቋዎች የቃል ዋና ትርጉም ብዙውን ጊዜ በሦስት ተነባቢዎች ላይ ያርፋል፤ አናባቢዎቹና ባዕድ ፊደላቱ ደግሞ ትርጉሙ የሚፈስበትን ቅርጽ ይሰጣሉ። ሥርና ቅርጽን መለየት ለእነዚህ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የመጀመሪያ ሥራው ነው። በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያችው ከተማ፣ ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ የዘመናዊውን ዕብራይስጥ ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጅ ነበር።

መመለስና የመዝገበ ቃላቱ አደረጃጀት

በ1910ዎቹ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኪዳነ ወልድን ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ጠሯቸው። ጥሪው ከመጽሐፈ ሕዝቅኤል ትርጓሜ ጋር የተያያዘ ነበር። ሊቁ ንባቡን በግዕዝ፣ ትርጓሜውን በአማርኛ አድርገው ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ በ1916 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ታተመ። በኅትመት ሥራ ላይ መሰማራታቸው አንድ የተለየ ችግር ፊት ለፊት አመጣባቸው። በብራና ዘመን አንድ ቃል በአንዱ መጽሐፍ በሀ፣ በሌላው በሐ፣ በሦስተኛው በኀ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ አንባቢው ካህን ቃሉን ስለሚያውቀው አይሳሳትም። የታተመ መዝገበ ቃላት ግን ቃሉ የሚፈለግበትን አንድ ቦታ መወሰን አለበት። ቦታው የሚወሰነው ደግሞ በፊደሉ ነው።

የኪዳነ ወልድ ውሳኔ ፊደሉን ወደ ሥሩ መመለስ ሆነ። ሞክሼ ተብለው የሚጠሩት ፊደላት በአማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ቢሆንም በግዕዝ የተለያየ ሥር ይለያሉ። መሀረ አስተማረ ማለት ነው፤ መምህርና ትምህርት የሚሉት ቃላት ከእርሱ ይወጣሉ። መሐረ ግን ይቅር አለ፣ ራራ ማለት ሲሆን ምሕረት የሚወጣው ከዚህ ነው። ሠረቀ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የእርሱ ዘር ነው። ሰረቀ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው። ሰአለ ለመነ ሲሆን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። ኀለየ ዐሰበ ሲሆን ሐለየ ዘመረ ነው። በአብዛኞቹ ጥንዶች መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ኪዳነ ወልድ የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱንና የዐረብኛውን ዘመድ ቃል እያመሳከሩ የቃሉን ትክክለኛ ፊደል ለማጽናት ጣሩ፤ ዘመዶቹ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ንግግር የጠፋውን የድምፅ ልዩነት በብዙ ረገድ ጠብቀው ስለ ያዙ ምስክርነታቸው ጠቃሚ ነበር።

የፊደሉን ተራም ለወጡ። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ላይፕዚግ ላይ ባሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በሀለሐመ ተራ አስቀምጧቸው ነበር። ኪዳነ ወልድ ግን አበገደን መረጡ። ይህ ተራ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከጥንታዊው የዐረብኛ ተራ ጋር ስለሚስማማ ግዕዝን በቤተ ዘመዱ መካከል ያስቀምጠዋል። ለዛሬ አንባቢ ግን መጽሐፉን ሲከፍት የሚገጥመው የመጀመሪያው እንቅፋት ይኸው ተራ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ቃሉ በዘሩ ሥር መመዝገቡ ነው። ምሥራቅን የሚፈልግ ሰው በመ ሥር ቢፈልግ ፍቺውን በቦታው አያገኘውም፤ መ ባዕድ ፊደል መሆኗን አውቆ አውጥቷት ሠረቀ ወደሚለው ግስ መሄድ አለበት። መጽሐፉ የሚከፈተው ቃልን ከአብነት ጋር ማዛመድ ለሚችል አንባቢ ነው ማለት ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላቱ ታትሞ ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። እርሳቸው ከመምህራቸው አደራ እንደ ተቀበሉ ሁሉ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም አደራውን ከእርሳቸው ተቀበሉ። ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን ለኅትመት አብቅተው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ይህ ሥራ ከኢየሩሳሌም ገዳም ተነሥቶ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት እስኪደርስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

የአብነት ምልክቶች በፕሮግራም ቋንቋ

መዝገበ ቃላቱ በታተመበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ ስለ ነርቭ መረቦችና ስለ ውሱን አውቶማታ የጻፈው ጥናት ለኅትመት በቃ። በዚህ ጥናት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ለሚባለው አሠራር መሠረት ተጣለ፤ መደጋገምን የምታመለክተው ኮከብም እስከ ዛሬ በክሊኒ ስም ትጠራለች። እ.ኤ.አ. በ1968 ኬን ቶምፕሰን ይህን ሐሳብ በጽሑፍ ውስጥ ቃል ወደሚፈልግ ፕሮግራም ለወጠው። ሁለቱ ሥራዎች ከኪዳነ ወልድ ሥራ ጋር የታሪክ ግንኙነት የላቸውም። የሚገናኙት በጥያቄያቸው ነው።

በሬጉላር ኤክስፕሬሽን አንዳንድ ምልክቶች ራሳቸውን አይወክሉም። ነጥብ (.) ማናቸውንም አንድ ፊደል ትወክላለች። ኮከብ (*) ከፊቷ ያለው ምልክት ጨርሶ ሳይኖር ወይም እየተደጋገመ እንደሚመጣ ትናገራለች። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተጻፉ ፊደላት፣ ለምሳሌ [ሀሐኀ]፣ ከመካከላቸው አንዱ በቦታው ሊገኝ እንደሚችል ያስታውቃሉ። የቅኔ ቤት ተማሪ ቀተለ ሲል ሦስት ግዕዝ ፊደላትን እንደሚያስብ፣ ፕሮግራም ጸሐፊውም በእነዚህ ምልክቶች አንድን የቃል ወገን ያስባል።

የቅርጽ አመልካች ሥራ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተፈጠረው በሲ ቋንቋ፣ በዐረፍተ ነገር መካከል የፐርሰንት ምልክትና አንዲት ፊደል ሲጻፉ በቦታው ቁጥር ወይም ቃል እንደሚገባ ይታወቃል። ፊደሏ የሚገባውን ነገር ዓይነት ትናገራለች። ማዛመጃው ያለውን ቃል ከአብነቱ ጋር ያስተያያል፤ የቅርጽ አመልካቹ አብነቱን ሞልቶ አዲስ ቃል ያወጣል። የጉባኤ ቤቱ አርእስት ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ሲያነብ ያዛምዳል፣ ሲያረባ ያወጣል።

አመልካቹና የገባው ነገር ካልተስማሙ በሲ ቋንቋ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ዋስትና የለም፤ ፕሮግራሙ ሳይቆም የተሳሳተ ነገር ሊያትም ይችላል። በእርባ ቅምርም ተመሳሳይ ስሕተት አለ። ቀደሰን በቀተለ አብነት ያረባ ተማሪ ይቄድስ በማለት ፈንታ ይቀድስ ይላል። ይቀድስ የሌለ ቃል ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ይቀድስ የዚያው ግስ የዘንድና የትእዛዝ አንቀጽ ነው። ትንቢት የነበረው ቃል ሳይታወቅ ወደ ትእዛዝ ይለወጣል።

በአማርኛ መልእክት የሚያወጡ ፕሮግራሞችም ከዚህ ችግር አያመልጡም። አንድ ፕሮግራም የሰውን ስም በባዶ ስፍራ አስገብቶ መምጣቱን ማስታወቅ ቢፈልግ ስሙን ማስገባት ብቻ አይበቃውም። ግሡ መጣ፣ መጣች ወይም በአክብሮት መጡ መሆን አለበት። ስለዚህ ባዶው ስፍራ ጾታን፣ ቁጥርንና አክብሮትን አብሮ ማወቅ ይኖርበታል። ዐሥሩን መራሕያን በሠንጠረዥ የያዘ የቅኔ ተማሪ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ስምንቱ አርእስት በዩኒኮድ ቁጥር

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው። ሀ 4608 ነው፤ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 እያለ በስምንት ስምንት ይሄዳል። በአንድ ቤት ውስጥ ሰባቱ ድምፆች በተራ ስለሚቀመጡ፣ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ተቀንሶ ለ8 ሲካፈል ድርሻው የፊደሉን ቤት፣ ቀሪው ድምፁን ያሳያል። ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ ነው፤ 3 ከሆነ ራብዕ፣ 4 ከሆነ ኃምስ፣ 5 ከሆነ ሳድስ፣ 6 ከሆነ ሳብዕ ነው። በዚህ ስሌት ሥርና ቅርጽ እንደ ሊቃውንቱ አሠራር ተለያይተው ይገኛሉ፤ ድርሻው ተነባቢውን፣ ቀሪው አናባቢውን ይዟልና።

ስምንቱ አርእስት በዚህ መንገድ ሲታዩ አንድ ግልጽ ውጤት ይገኛል። ገብረ ግዕዝ፣ ሳድስ፣ ግዕዝ ነው። ባረከ በራብዕ ይጀምራል፣ ሤመ በኃምስ፣ ቆመ በሳብዕ። ብህለ ሁለት ሳድስና አንድ ግዕዝ ነው። አእመረ አራት ፊደላት አሉት። እነዚህ ስድስቱ በጽሑፍ ቅርጻቸው ብቻ ይለያሉ። ቀተለና ቀደሰ ግን ሁለቱም ሦስት ግዕዝ ናቸው። የሚለያቸው የመካከሉ ፊደል መላላትና መጥበቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ፊደሉ አይጽፈውም። ኮምፒዩተር ኃላፊውን አንቀጽ ብቻ አይቶ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። መለያው ትንቢቱ ነው፤ ይቀትል ከባዕዱ ፊደል ቀጥሎ ግዕዝ ሲኖረው ይቄድስ ኃምስ አለው። የአብነት መምህራን ግስ ሲያስተምሩ ቀተለን ለብቻው ሳይሆን ቀተለ፣ ይቀትል እያሉ አስከትለው ማስጠናታቸው ስለዚህ ተግባራዊ ምክንያት አለው።

ደንቡ የጉሮሮ ፊደላት ሲገቡበትም ይለወጣል። ሰአለ የቀተለ ሠራዊት ቢሆንም ትንቢቱ ይስእል እንጂ ይሰእል አይደለም። ስለዚህ አብነቱ በድምፅ ተራ ላይ ብቻ ቢመሠረት ይስእልን ከርእሱ ጋር ማገናኘት አይችልም። ፕሮግራሙ አ፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ዐ የተለየ ጠባይ ያላቸው ወገን መሆናቸውን ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በማይክል ጋሰር የቀረበው ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃላት በውሱን አውቶማታ ሲተነትን ይህን መሰል ደንብ በደረጃ በደረጃ ማስገባት ያስፈለገው በዚሁ ጠባይ ምክንያት ነው።

የሞክሼ ፊደላት ጥያቄ

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ ብዙ የኮምፒዩተር ጥናቶች ከሁሉ አስቀድመው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣሉ። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይለውጣሉ። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ጸሐፊዎች ፀሐይን በተለያየ ፊደል ስለሚጽፉ ፕሮግራሙ አንዱን ቃል እንደ ብዙ ቃል ይቈጥረዋል። ፊደልን የማሻሻል ክርክር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተነሣ ጊዜም ሞክሼዎቹ ይቀነሱ ያሉት ወገኖች ያቀረቡት ምክንያት ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ አንድ ድምፅ በአንድ ፊደል ቢጻፍ ለመማር ይቀላል።

ነገር ግን ለውጡ በጽሑፉ ላይ ለዘለቄታው ከተፈጸመ መሀረና መሐረ አንድ ይሆናሉ። መምህርና ምሕረትን ወደ ሥራቸው የሚመልስ ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ለምኖና ሥሎ፣ ዐስቦና ዘምሮ፣ በርቶና ሰርቆ እንዲሁ ይቀላቀላሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማናቸውም የረቀቀ ስሌት የጠፋውን ልዩነት ከፊደሉ መልሶ ሊያገኘው አይችልም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዘመድ ቋንቋዎችን እያመሳከሩ ያጸኑት መረጃ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ይወገዳል።

የማዛመጃ ምልክቶቹ ራሳቸው ሌላ መንገድ ያሳያሉ። ጽሑፉን ከመለወጥ ይልቅ ጥያቄውን ማስፋት ይቻላል። የሀን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን [ሀሃሐሓኀኃ] በሚል ቅንፍ ቢያቀርብ ስድስቱም አጻጻፎች ይገኛሉ፤ ጽሑፉ ግን እንደ ነበረ ይቈያል። ግዕዝና ራብዕ በእነዚህ ቤቶች ድምፃቸው ስለሚመሳሰል ሁለቱም በቅንፉ መግባታቸው ግድ ነው። በዚህ አሠራር ለአንባቢው ምቾት የሚደረገው ማላላት በፍለጋው ላይ ይወሰናል፤ ሥርን የሚመለከተው ጥንቃቄ ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ ይጠበቃል።

ማጠቃለያ

የዚህ ጥያቄ ክብደት በሰሜን ሸዋ ደጋ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ የሸዋን አድባራትና ገዳማት መጻሕፍት በብዛት አንሥቷል። የመንዝ አማርኛም በቋንቋ ጥናት ራሱን ችሎ የሚጠቀስ ዘዬ ነው። ፎቶግራፍ የተነሡት ብራናዎችና ከሰው አፍ የሚሰበሰቡት የዘዬው ቃላት ወደሚፈለግ ጽሑፍ ሲለወጡ፣ የአጻጻፍና የአነጋገር ልዩነታቸው በመጀመሪያው ቀን እንዲጠፋ ወይም እንዲቈይ የሚወስነው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው። የጸሐፊው ሞክሼ አጠቃቀም ብራናው የተጻፈበትን ዘመንና ቦታ ለሚያጠና ተመራማሪ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ የመንዝ ገበሬ አነጋገርም ለዘዬ አጥኚው እንዲሁ።

ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሕይወት ለዚህ ሥራ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ ጥቂት አብነት ብዙ ቃልን ሊገዛ የሚችለው የአብነቱ ወሰን ሲታወቅ ነው፤ ቀተለና ቀደሰ በዓይን አንድ ሆነው በእርባታ መለያየታቸው ይህን ያስረዳል። ሁለተኛው፣ ቃልን ለማግኘት የሚደረግ ማቅለል ቃሉን ለመመዝገብ ከሚደረግ ጥንቃቄ ጋር መምታታት የለበትም። ሊቁ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ሥራ ሳይፈጸም ለደቀ መዝሙራቸው ሲያስተላልፉ የፊደላቱን ልዩነት አብረው አስተላልፈዋል። የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር በሚገባበት በዚህ ዘመን ይህን ልዩነት ተቀብሎ ለሚቀጥለው ማድረስ የቋንቋ አጥኚውና የፕሮግራም ጸሐፊው የጋራ ኀላፊነት ነው።